የተጣለው ድምፅ፦ የታመቀ ሙዚቃ ጥራት ታሪክ



ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ በፍላሽ የያዘውን የድሮ ዘፈን አሰማኝ። ፋይሉ በሰከንድ 128 ኪሎቢት የታመቀ ኤምፒ3 ነበር። «ወደ 320 ብቀይረው ጥራቱ ይጨምራል?» ሲል ጠየቀኝ። አይጨምርም አልኩት። ፋይሉ ይተልቃል እንጂ የጠፋው ድምፅ አይመለስም፤ እንዲያውም ዳግመኛ ሲታመቅ ጥቂት ይጎዳል። መልሱ አጭር ቢሆንም ምክንያቱ ታሪክ አለው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ በጀርመን አገር፣ በኤርላንገን ከተማ ይጀምራል። በዚያ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ዲተር ዛይትሰር ሙዚቃን በዲጂታል የስልክ መስመር ለማስተላለፍ አስበው ነበር። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት፣ ቻናሉም ሁለት በመሆኑ ድምሩ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይደርሳል። የስልኩ መስመር ሁለት ቻናሎች ተደምረው የሚሸከሙት ደግሞ 128 ብቻ ነበር። የፈጠራ መብት መርማሪው ነገሩ አይቻልም ብሎ ማመልከቻውን መለሰው። ሥራውን የተረከቡት የዶክትሬት ተማሪው ካርልሃይንዝ ብራንደንበርግ ነበሩ።

መፍትሔው የተገኘው ከራሱ ከጆሮ ጠባይ ነው። ኃይለኛ ድምፅ በቅጥነትም ሆነ በጊዜ አጠገቡ ያለውን ደካማ ድምፅ ይሸፍነዋል። እንግዲህ የማይሰማውን ለይቶ መጣል ነው።

ብራንደንበርግ ሥራቸው መልክ ይዟል ባሉበት ወቅት፣ የድምፅ ማጉያ የሚፈትኑ ባለሙያዎች የሱዛን ቬጋን «ቶምስ ዳይነር» እንደሚጠቀሙ በአንድ መጽሔት አነበቡ። ዘፈኑ በ1987 በወጣው አልበሟ ውስጥ ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ የተዘፈነ ነው። አምቀው ሲያዳምጡት ድምፁ ተበላሽቶ አገኙት። ለብዙ መሣሪያ ሙዚቃ የበቃው ዘዴ ለአንዲት ሴት ድምፅ አልበቃም፤ ስሕተቱን የሚሸፍንለት ከበሮም ጊታርም አልነበረምና። ዘዴውን እያረሙ ያንኑ ዘፈን በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ደጋግመው ሰሙት። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ደረጃው በ1992 ተጠናቆ በ1993 ታተመ፤ የፋይሉ መጠሪያ ኤምፒ3 እንዲሆን የተወሰነው ሐምሌ 14 ቀን 1995 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ደረጃው የሚደነግገው ፋይሉ እንዴት እንደሚከፈት ነው፤ ምን ተጥሎ ምን እንደሚቀር የሚወስነው ኢንኮደሩ፣ ማለትም አማቂው ሶፍትዌር ነው። የመሻሻል በር የተከፈተውም በዚሁ ነው። በ1998 ማይክ ቼንግ ከደረጃው ጋር የተሰጠውን የማሳያ ኮድ በማረም ሌም የተባለውን ኢንኮደር ጀመረ፤ ስሙ በእንግሊዝኛ «አንካሳ» ማለት ነው። ቀጥሎ በማርክ ቴይለር መሪነት በጎ ፈቃደኞች ሲያርሙት ቆዩ፤ በ2000 ከመጀመሪያው ኮድ የቀረ አልነበረም።

ያረሙት ምን ነበር? ለምሳሌ ክራር ሲገረፍ ወይም ጭብጨባ ሲጀምር በደካማ ኢንኮደር የታመቀ ፋይል ከምቱ አስቀድሞ ሹክሹክታ መሰል ድምፅ ያሰማል። ድምፁ በረጅም ቁራጭ ሲሠራ ስሕተቱ በቁራጩ ሁሉ ላይ ስለሚበተን ነው። መድኃኒቱ ቁራጩን ለቅጽበት ማሳጠር ነው፤ መቼ እንደሚያጥር የሚያውቅ ግን ጥሩ ኢንኮደር ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት የ128 ፋይሎች መጠናቸው እኩል ሆኖ ጥራታቸው እጅግ ሊለያይ ይችላል። ልብ በሉ፤ ይህ መሻሻል ሁሉ የተገኘው ድምፁ ከመጣሉ በፊት ነው።

እኔ ራሴ በዚህ ንጹሕ አይደለሁም። ከሃያ ዓመት በፊት፣ አያቴ ጥጥ እየፈተሉ ያንጎራጎሩትን የያዘ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ገለበጥሁ። ቦታ ለመቆጠብ ብዬ በ64 ኪሎቢት አመቅሁት፤ በካሴቱም ላይ የሬዲዮ ፕሮግራም ቀዳሁበት። ዛሬ ፋይሉን ስከፍት የእንዝርቱ ድምፅ እንደ ፈላ ውኃ ይንተከተካል። የጎደለውን እንሞላለን የሚሉ ሶፍትዌሮች ሞክሬአለሁ። ከሌሎች ብዙ ድምፆች በተማሩት እየገመቱ ይሞላሉ፤ የሚወጣውም ያማረ ነው። ትንፋሹ ግን የአያቴ አይደለም።

የካሴቱን ሁለተኛ ጎን አልነካሁትም ነበር። ባለፈው ክረምት የቴፑን ሄድ በአልኮል ወልውዬ፣ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ብሎን «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው እስኪሰሙ ድረስ በካቻቪቴ አስተካከልኋት። ከዚያም ምንም በማይጥለው በፍላክ ቀዳሁት። ከአሥራ አንዱ ደቂቃ አያቴ የሚያንጎራጉሩት ሦስቱን ብቻ ነው፤ የቀረው የጎረቤት ወሬና የዶሮ ጩኸት ነው። አልቆረጥሁትም። አሁን ላሰማችሁ።