ከተማው ሲፈርስ የቀረው ዎርክሾፕ

በ1886 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሱዳኑ ማህዲ ተተኪ ኸሊፋ አብዱላሂ የካርቱም ሕዝብ ከተማውን ለቅቆ ወደ ኦምዱርማን እንዲሻገር አዘዘ። በርና መስኮቱ፣ የጣሪያው እንጨት ሳይቀር እየተነቀለ በጀልባ ወደ ማዶ ተጋዘ። ግብፆች ከስልሳ ዓመት በላይ የገነቡት ከተማ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፍርስራሽ ሆነ። በጥቁር ዓባይ ዳር ከነበሩት የአትክልት ቦታዎች ሌላ ከጥፋቱ የተረፈው ተርሳናው ነበር። ሱዳኖች ተርሳና የሚሉት መርከብ የሚገጠምበትን፣ የሚጠገንበትንና የጦር መሣሪያ የሚሠራበትን ግቢ ነው። ሰው በሌለበት ከተማ መሐል መዶሻው መምታቱን፣ ወናፉም መንፋቱን አላቆሙም።

የካርቱም ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በእንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን ሞት ዙሪያ ነው። የከተማውን የእንፋሎት መርከቦች ለዓመታት ያንቀሳቀሱት ሠራተኞች ግን ከጎርደን ያላነሰ ቦታ ይገባቸዋል።

ተርሳናው ያደገው በግብፁ ገዥ በኸዲቭ ኢስማኢል ዘመን ነው። በ1869 ወደ ላይኛው ዓባይ የዘመተው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ያስመጣቸው የእንፋሎት መርከቦች እንግሊዝ ተሠርተው፣ ተፈታትተው፣ በረሃውን በግመል ጀርባ ያቋረጡ ናቸው። ትልቋ ኢስማኢሊያ የተገጣጠመችው ካርቱም ላይ ነው። ብረቱን ቁጥሩን እያየ፣ ቀዳዳውን ከቀዳዳው እያገናኘ በገዛ እጁ የገጠመ ሠራተኛ፣ መርከቧ ስትበላሽ ሕመሟ የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ አይቸገርም። የካርቱም ባለሙያዎች ሙያውን የተማሩት በዚህ መንገድ ነው።

ሥራም አያጡም ነበር። ጥቁር ዓባይ በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ የሚያመጣው ደለል ቦይለር ውስጥ ይጋገራል፤ የአሸዋው ክምር የመርከቡን ሆድ ይፍቃል፤ ከካርቱም በታች ያለው የሰበሎቃ ፏፏቴ ደግሞ ድንጋዩ ጨካኝ ነው። ማገዶው እንጨት በመሆኑ አመዱ በየጊዜው መጠረግ ነበረበት። ከመጋቢት 1884 እስከ ጥር 1885 በዘለቀው የማህዲ ጦር ከበባ በዚህ ሁሉ ላይ ጥይት ተጨመረ። ጎርደን የመርከቦቹን ጎን በእንጨትና በቦይለር ላሜራ ያስለብስ ነበር፤ ከየውጊያው የተመለሰችው መርከብ ወደ ተርሳናው ገብታ ተጠግና ትወጣለች።

ጥገና ምን ማለት እንደሆነ ሳፊያ የተባለችው መርከብ ታሪክ በደንብ ያሳያል። ካርቱም ጥር 26 ቀን ከወደቀች በኋላ፣ ጎርደንን ለማዳን ዘግይተው የደረሱት እንግሊዞች በቦርዴንና በተለሃዊያ ሲመለሱ ሁለቱም መርከቦች ድንጋይ መትቷቸው ቀሩ። ሎርድ ቻርልስ ቤረስፎርድ ሰዎቹን በሳፊያ ሊያወጣ ሲሄድ የካቲት 3 ቀን 1885 ከድርቡሽ ምሽግ የተተኮሰ መድፍ ቦይለሯን በሳው። ዋና መሐንዲሱ ሄንሪ ቤንቦው ምሽጉ ፊት ለፊት ቆሞ 40 በ35 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ላሜራ ቆረጠ፤ ላሜራውንም ቦይለሩንም በሳ፤ ብሎንና ዳዶውን ራሱ ሠራ። ብሎኑን ከውስጥ ለማሳለፍ ግን ሰው ቦይለሩ ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ብረቱ ደግሞ ገና አልበረደም። ገላውን ሞራ የተቀባ አንድ ጥቁር ልጅ ገባ፤ ሙቀቱን መቋቋም አቅቶት ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ገብቶ ሥራውን ፈጸመ። ጥገናው 10 ሰዓት ያህል ወሰደ፤ በማግስቱ ሳፊያ ተንቀሳቀሰች። የቤንቦው ስም በመጽሐፍ ተመዝግቦ ቀርቷል። የልጁን ስም የጻፈ የለም፤ ያለ እሱ ግን ላሜራው ቦታው ላይ ባልተቀመጠ ነበር።

እንግሊዞች ለቅቀው ሲወጡ ሳፊያንና ተውፊቂያ የተባለችውን ሌላ መርከብ ዋና ዋና የሞተር ክፍሎቻቸውን ነቅለው ጥለዋቸው ሄዱ። ለጠላት እንዳይጠቅሙ ነበር። የማህዲ ሰዎች ግን ሁለቱንም እንደገና አስነሡ። ድንጋይ ላይ የቀረችውን ቦርዴንንም አወጧት።

እዚህ ላይ ነው የኸሊፋው አስተዳደር ብልሃት የሚታየው። መንግሥቱ አንድ ብቻ ሳይሆን በርካታ ግምጃ ቤቶች፣ በዐረብኛው በይተል ማል የሚባሉ፣ ነበሩት። ከእነዚህ አንዱ ለጦር ዎርክሾፑና ለተርሳናው ብቻ የቆመ ሲሆን፣ ከገቢው ምንጮች መካከል ያ ሳይፈርስ የቀረው የካርቱም አትክልት ይገኝበታል። የጥገናው ወጪ ከአጠቃላይ ካዝና እየተለመነ የሚሰጥ አልነበረም ማለት ነው፤ የራሱ ምንጭ፣ የራሱ ሒሳብና የራሱ ሰዎች ነበሩት። ዛሬም በየፋብሪካው የጥገና ክፍል በጀቱ መጀመሪያ የሚቀነስበት መሆኑን የሚያውቅ ሰው የዚህን አሠራር ዋጋ አይስተውም።

ሰዎቹ በጎርደን ዘመን የሠሩ ግብፃውያንና ሱዳናውያን ባለሙያዎች ነበሩ። ብዙዎቹ በፈቃዳቸው አልቆዩም፤ ከተማው ሲያዝ ተማርከው፣ ሙያቸው ሕይወታቸውን አትርፎላቸው ነው። በ1887 የተማረከው ጀርመናዊ ነጋዴ ቻርልስ ኒውፌልድ እግሩ በሰንሰለት እንደታሰረ ካርቱም ውስጥ ለባሩድ የሚሆን ጨው ያነጥር ነበር። ይህን ሳይናገሩ ተርሳናውን ማድነቅ ልክ አይሆንም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ጋፋት ወዲያው ትታወሳለች። አጼ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ ደብረ ታቦር አጠገብ ባቋቋሙት በዚያ መንደር የአውሮፓ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ እስከማቅለጥ ደርሰው ነበር። መድፉ መቅደላ ላይ አልጠቀማቸውም፤ ባለሙያዎቹ በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር አገር ለቀቁ፤ ዎርክሾፑም አብሯቸው ሞተ። ጋፋት ላይ ምኞቱም ትጋቱም አላነሰም። ነገር ግን ዋናው ሙያ በእንግዶች እጅ ስለነበር ሲሄዱ ይዘውት ሄዱ። የካርቱሙ ሠራተኛ መንግሥቱ ሲገለበጥ እንኳ እዚያው ቀረ።

ውጤቱ በ1898 ታየ። ነሐሴ 25 ቀን ፋሾዳ ላይ የሰፈረውን የፈረንሳዩን የማርሻን ጓድ የወጉት ሳፊያና ተውፊቂያ ናቸው፤ ከ13 ዓመት በፊት የሞተር ክፍላቸው ተነቅሎ የተጣሉት ያው ሁለቱ። በዚያው ወር ኦምዱርማን አጠገብ ሌላ ነገር ተሞከረ፦ አሮጌ ቦይለሮች ባሩድ ተሞልተው ሱዳንን ሊይዝ ለሚመጣው ለእንግሊዙ ጄኔራል ለኪችነር መርከቦች የውሃ ፈንጂ እንዲሆኑ ተዘጋጁ። ፈንጂዎቹን ታጠምድ የነበረችው ኢስማኢሊያ አንዱ ፈንድቶባት ሰጠመች። ቦርዴን ግን ኦምዱርማን መስከረም 2 ቀን ስትወድቅ ገና ትሠራ ነበር።

ሱዳንን የያዙት እንግሊዞች የወንዝ መርከቦቻቸውን ጥገና በሰሜን ካርቱም፣ በባህሪ፣ አደራጁ፤ በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅም የሙያ ማሠልጠኛ ዎርክሾፖች ነበሩት። የባቡሩ ትልቅ ዎርክሾፕ ወደ አትባራ ሄደ፤ በ1947 የሠራተኛ ማኅበር እውቅና ለማግኘት የታገሉት የአትባራ ሠራተኞች የሱዳንን ፖለቲካ ቀየሩ። በኋለኞቹ አሥርት ዓመታት ባህሪ የአገሪቱ ዋና የፋብሪካ ሰፈር ሆነች፦ ጨርቃ ጨርቅ፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሳሙና።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በተጀመረው ጦርነት ያ ሰፈር የውጊያ ሜዳ ሆነ። ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፤ ማሽኖች ተዘረፉ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ ለመዳቡ ሲባል ከመሬት ተቆፍሮ ወጣ። የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ የያዘው በ2025 የጸደይ ወራት ነው። ማሽኑ በገንዘብ ይተካል። ቶርኖውን የሚያውቁት፣ የትኛው ሞተር በምን ድምፅ እንደሚታመም የለዩት ሰዎች ግን ካይሮ፣ ፖርት ሱዳንና አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ተበትነዋል፤ የትኛውም የመልሶ ግንባታ ዕቅድ እነሱን ፈልጎ በማግኘት መጀመር አለበት።