ሐኪሞች በራቸውን የዘጉባቸው 23 ቀናት
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለውን ምሳሌ ከአባቶቻችን ያልሰማ ሰው በመካከላችን የለም። የጤና መድን የሚባለውም አሠራር ከዚህ ምሳሌ የራቀ አይደለም። እድርተኛ ለኀዘን ቀን አስቀድሞ እንደሚያዋጣ ሁሉ፣ ጤነኛው ከታማሚው ጋር፣ ወጣቱም ከሽማግሌው ጋር አስቀድሞ ሲያዋጣ፣ አንዱን ቤተ ሰብ ለድህነት የሚዳርገው የሕክምና ወጪ ለሁሉም ቀላል ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ሐሳብ ላይ ወዲያው አንድ ጥያቄ ይነሣል። ገንዘቡ ቢዋጣም ሐኪሙ ከሌለ፣ ወይም ሐኪሙ ኖሮ ለማከም ካልፈቀደ፣ መዋጮው ምን ይገዛል?

ይህን ጥያቄ በከባድ ዋጋ የተማረ አንድ ሕዝብ አለ። እርሱም በካናዳ መንግሥት ግዛት ውስጥ፣ ሳስካችዋን በተባለው ጠቅላይ ግዛት የሚኖረው ስንዴ አምራች ሕዝብ ነው። በዛሬው ንግግራችን የዚህን ሕዝብ ታሪክ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአጭሩ እንተርካለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳስካችዋን ሜዳው ሰፊ፣ ክረምቱ ብርቱ፣ ሰፈሩም እጅግ የተራራቀ አገር ነው። ስለዚህ የሕዝቡ የመጀመሪያ ችግር የሕክምና ዋጋ ከመሆኑ በፊት ሐኪም የማግኘት ችግር ነበር። በ1915 ሳርኒያ በተባለው የገጠር ወረዳ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም፣ ከበሽተኞቹ የሚያገኙት ገቢ ስላላኖራቸው፣ አገሩን ለቀው ለመሄድ ተነሡ። የወረዳው ሰዎችም ተመካክረው በዓመት 1,500 ዶላር ደመወዝ ከወረዳው ግብር እንዲከፈላቸው ወሰኑና ሐኪሙ እንዲቀመጡ አደረጉ። በተከታዩ ዓመት በ1916 የጠቅላይ ግዛቱ ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ፣ ወረዳዎች ሁሉ እንደዚሁ ሐኪም በደመወዝ ለመቅጠር እንዲችሉ ፈቀደ። እንግዲህ ልብ ብለን ብንመለከተው፣ በዚያ አገር በኅብረት የመክፈል ልማድ የተወለደው ከፖለቲካ መጽሐፍ ሳይሆን፣ አንድ ሐኪም እንዳይሄድባቸው ከፈሩ ገበሬዎች ጭንቀት ነው።

ከዚህ በኋላ በ1930ዎቹ ዓመታት ድርቅና የዓለም የንግድ መውደቅ ባንድነት መጡ። የስንዴው ማሳ አቧራ ሆነ። በሽተኛው የሚከፍለው አጣ፤ ሐኪሙም በሽተኛ እያለው ገቢ አጣ። በዚያ ጊዜ ከሐኪሞቹ ብዙዎቹ የመንግሥትን ርዳታ የሚጠሉ አልነበሩም።

በ1944 በተደረገው ምርጫ የጠቅላይ ግዛቱን መንግሥት የመምራት ሥልጣን የያዙት ሚስተር ቶሚ ዳግላስ ነበሩ። እኒህ ሰው በልጅነታቸው በአጥንት በሽታ ምክንያት አንድ እግራቸው ሊቆረጥ ተቃርቦ ነበር። ወላጆቻቸው የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። አንድ የታወቀ የቀዶ ጥገና ሐኪም ግን ተማሪዎቻቸው ሕክምናውን እንዲመለከቱ ወላጆቹ ከፈቀዱላቸው ያለ ዋጋ እንደሚያክሟቸው ተናግረው እግራቸውን አዳኑላቸው። የድኻ ልጅ እግር በአጋጣሚ መትረፉ ሚስተር ዳግላስን ዕድሜ ልካቸውን ሲያሳስባቸው ኖረ። ጤና በቸርነትና በአጋጣሚ ሳይሆን በሕግ መሰጠት አለበት የሚለው እምነታቸው ከዚህ የመነጨ መሆኑን ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል።

መንግሥታቸው ሥራውን ደረጃ በደረጃ ጀመረ። በ1946 ስዊፍት ከረንት በተባለው አውራጃ ሕዝቡ በመዋጮና በግብር የሐኪም አገልግሎት እንዲያገኝ ተደረገ። በጥር 1 ቀን 1947 ደግሞ በጠቅላይ ግዛቱ ሁሉ የሆስፒታል መድን ተቋቋመ። መዋጮው ለአንድ ሰው በዓመት 5 ዶላር፣ ለቤተ ሰብም ቢበዛ 30 ዶላር ነበር። ይህ ብቻ አይደለም። መድኑ ያለ ሐኪም ከንቱ መሆኑን ስለተረዱ፣ በሳስካቱን ከተማ የሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ሙሉ ኮሌጅ እንዲሆን ተደረገ። የማስተማሪያው ሆስፒታል በ1955 ተከፈተ፤ የመጀመሪያዎቹም ሐኪሞች በ1957 ተመረቁ።

በኅዳር ወር 1961 የሐኪምን አገልግሎት ጭምር የሚሸፍነው ሕግ በምክር ቤቱ ጸደቀ። ሚስተር ዳግላስ በዚያው ጊዜ ወደ አገር አቀፍ ፖለቲካ ስለተዛወሩ፣ የሕጉ መከራ የወደቀው በተተኩት በሚስተር ውድሮ ሎይድ ላይ ነበር። ሐኪሞቹ ሕጉን አጥብቀው ተቃወሙ። ተቃውሟቸው የገንዘብ ስስት ብቻ ነበር ብሎ መፍረድ ግን ከእውነት መራቅ ይሆናል። ከፋዩ አንድ መንግሥት ብቻ ከሆነ ዋጋውንም የሥራውንም ደንብ እርሱ ብቻ ይወስናል፤ እኛም የነጻ ሙያ ሰዎች መሆናችን ቀርቶ የቢሮ ሠራተኞች እንሆናለን ብለው ፈሩ። የራሳቸው የመድን ማኅበራትም ስለነበሯቸው፣ መንግሥት ለድኾች ብቻ ቢከፍል ይበቃል ይሉ ነበር። በሌላው ወገን መንግሥት፣ በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ አንድ የሙያ ማኅበር ሊሽረው አይችልም አለ። በሁለቱም ወገን ያለው ክርክር ቀላል አልነበረም።

ሕጉ በሥራ ላይ በዋለበት ዕለት፣ በሐምሌ 1 ቀን 1962፣ ከጠቅላይ ግዛቱ ሐኪሞች አብዛኞቹ ክሊኒካቸውን ዘጉ። በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ ለድንገተኛ በሽተኞች ያለ ዋጋ የሚያክሙ ሐኪሞች ተመደቡ። በዚያው በመጀመሪያው ቀን በማጅራት ገትር የታመመ አንድ የዘጠኝ ወር ሕፃን፣ ወላጆቹ ሐኪም ፍለጋ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በመኪና ይዘውት ሲጓዙ ሞተ። የሕፃኑ ሞት አገሩን ሁሉ አስደነገጠ። ሁለቱ ወገኖች ስለ ሥልጣንና ስለ ነጻነት ሲከራከሩ፣ በመካከላቸው የቆመው ማን እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

ሐኪሞቹን የሚደግፉ ማኅበሮች በየከተማው ተቋቁመው ነበር። በሐምሌ 11 ቀን በሬጂና ከተማ በምክር ቤቱ ፊት ታላቅ ሰልፍ ጠሩ። በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሲጠበቅ፣ የመጣው ግን ከ4 እስከ 5 ሺህ ያህል ብቻ ነበር። መንግሥትም በበኩሉ ከእንግሊዝ አገር ሐኪሞችን አስመጣ። ሕጉን የደገፉ ዜጎችና ጥቂት ሐኪሞች ደግሞ በሳስካቱንና በሌሎች ከተሞች የኅብረት ክሊኒኮችን ከፈቱ። በመጨረሻም በ1948 በእንግሊዝ የተቋቋመውን የሕዝብ ሕክምና በደንብ የሚያውቁት ሐኪሙ ሎርድ ስቲቨን ቴይለር አስታራቂ ሆነው መጡ። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ለመነጋገር ባልፈቀዱ ጊዜ እርሳቸው በመካከል እየተመላለሱ አነጋገሯቸው፤ በሐምሌ 23 ቀንም ስምምነቱ ተፈረመ።

የስምምነቱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነበር። መድኑ ለሁሉም ሰውና በግዴታ ሆኖ ጸና። ሐኪሙ ግን የመንግሥት ደመወዝተኛ አይሆንም፤ ለሠራው ሥራ በየአገልግሎቱ ይከፈለዋል፤ የቀድሞዎቹ የመድን ማኅበራትም ሒሳቡን እንዲያስተላልፉ ተፈቀደላቸው። ከዚህ በኋላ የሐኪሞቹ ገቢ አልቀነሰም፤ ይልቁንም ያልተከፈለ ሒሳብ የሚባለው ነገር ስለጠፋ ጨመረ። ሚስተር ሎይድ ግን በ1964 ምርጫ ተሸነፉ። ያሸነፏቸውም ሰዎች ሕጉን አልሻሩትም፤ ሕዝቡ አንድ ጊዜ የለመደውን ነገር ለመንሣት የሚደፍር አልተገኘም።

በዚያው በ1964 በዳኛው በሚስተር ኤመት ሆል የሚመራው የካናዳ የጤና ጉዳይ መርማሪ ኮሚሲዮን፣ ይኸው አሠራር ለአገሩ ሁሉ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ነገር ግን መድን ብቻ አላለም፤ ሐኪም የሚያሠለጥኑ ትምህርት ቤቶችም እንዲበዙ አጥብቆ አሳሰበ። ስለዚህ በ1966 የአገር አቀፉ የሕክምና መድን ሕግ ሲወጣ፣ ለማሠልጠኛና ለምርምር ተቋሞች የሚውል 500 ሚሊዮን ዶላርም በሕግ ተመደበ። በሼርብሩክ፣ በሃሚልተን፣ በሴንት ጆንስና በካልጋሪ ከተሞች አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተቋቋሙ። በ1972 ጠቅላይ ግዛቶቹ ሁሉ በመድኑ ውስጥ ገብተው ነበር።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሐኪሞች በዝተዋል፤ ወጪውም የሚንረው በእነርሱ ብዛት ነው የሚል አስተያየት በረታ። በ1993 ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገቡት ተማሪዎች ቁጥር በመቶ 10 ያህል እንዲቀነስ ተደረገ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ የመድን ካርድ በኪሱ ይዞ የቤተ ሰብ ሐኪም ያጣ ሰው በየከተማው ይጮኽ ጀመር። ሐኪም ለማሠልጠን ዐሥር ዓመት ያህል ይፈጃልና፣ በአንድ ቀን ስብሰባ የተደረገ ስሕተት በአንድ ቀን ስብሰባ አይታረምም።

ክቡራን አድማጮች ሆይ፤ ይህን ታሪክ ያወሳነው ለእኛም ባዕድ ስላልሆነ ነው። በአገራችን የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን የጀመረው፣ ሐኪም እስኪበዛ በሽተኛው እንደማይጠብቅ ስለታወቀ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2010፣ በእኛ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም.፣ የማኅበራዊ ጤና መድን ዐዋጅ ቁጥር 690 ወጣ። ዐዋጁ መዋጮው ከሠራተኛውና ከአሠሪው እንዲሆን ስለወሰነ፣ የመንግሥት ሠራተኛውን ደመወዝ በቀጥታ የሚነካ ሆነ። በ2011 ደግሞ ለገበሬው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ መድን በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ።

እንግዲህ በየቢሮው ስለ መዋጮው መጠን ስንከራከር፣ ከሳርኒያ ገበሬዎች አንድ ነገር ልንማር ይገባናል። እነርሱ ገንዘባቸውን ያዋጡት ሐኪሙን በፊታቸው እያዩት ነበር። መዋጮ የሚጠይቅ መንግሥት ሐኪሙን ከነመድኃኒቱ ሊያሳይ፣ ሐኪሙንም በክብር ሊይዝ ይገባዋል፤ ሐኪምም ሙያው የሕዝብ አደራ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባውም። ከሁለቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ዋጋውን የሚከፍለው በሌሊት የታመመ ልጅ ታቅፎ የተዘጋ በር የሚያንኳኳው ሰው ነው።