በፀሐይ ጨረር የተጎዳ ሕዋስ፦ ይጠገናል ወይስ ይሞታል?

ከፀሐይ ከሚመጡት ጨረሮች አንዱ በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ነው። ይህ ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ በሕዋሳት ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ይጎዳል። በዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሁለት «ፊደላት»፣ በተለይ ቲሚን የሚባሉት፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። በዚህ ጊዜ ሕዋሱ ዲኤንኤውን በትክክል ማንበብም ሆነ መቅዳት ያቅተዋል።

ጥገና

የጥገና ፕሮቲኖች የተጎዳውን ቦታ ፈልገው ያገኙና ከሁለቱም ጎን ቆርጠው ወደ 30 የሚጠጉ ፊደላት ያሉትን ቁራጭ ያወጣሉ። ክፍተቱ ጤነኛውን ተጓዳኝ ክር በመከተል እንደገና ይሞላል። ይህን አሠራር በዝርዝር ያሳዩት የቱርክ ተወላጁ ፕሮፌሰር አዚዝ ሳንጃር በ2015 እ.ኤ.አ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተጋርተዋል።

ውሳኔ

ሕዋሱ ይዳን ወይስ ይሙት በሚለው ውሳኔ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ነው። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ፒ53 የሕዋሱን መከፋፈል ለጊዜው ያስቆማል፤ ለጥገናም ጊዜ ይገኛል። ጉዳቱ ከጥገና በላይ ከሆነ ግን ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ይገፋፋዋል። ሳይቶክሮም ሲ ከሚቶኮንድሪያ ይወጣል፤ ካስፔስ የሚባሉ ኢንዛይሞችም ሕዋሱን ከውስጥ ይቆራርጡታል። ይህ በሥርዓት የሚፈጸም ሞት አፖፕቶሲስ ይባላል። ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ ከቀናት በኋላ ሲላጥ፣ ከሚወገዱት መካከል እንዲህ የሞቱ ሕዋሳት ይገኙበታል።

ሥርዓቱ ሲበላሽ

የፒ53 ጂን ራሱ ከተጎዳ፣ መሞት የነበረበት ሕዋስ ተርፎ ይባዛል። አንዳንድ የቆዳ ካንሰሮች የሚጀምሩት በዚህ መንገድ ነው። ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የተባለ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸው ልጆች ደግሞ ጥገናው በአግባቡ ስለማይሠራላቸው፣ ከፀሐይ ካልተጠበቁ በልጅነታቸው ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣሉ። አልቢኒዝም ባለባቸው ሰዎች ችግሩ ከዚህ ይለያል፤ ጥገናው ቢሠራም ጨረሩን የሚከላከለው ሜላኒን አነስተኛ ስለሆነ የሚደርሰው ጉዳት ይበዛል።

ጥንቃቄ

የሕዋስ ሞት ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም፤ እዚህ ላይ ሰውነትን የሚጠብቅ ነው። ይሁንና አቅሙ ወሰን አለው። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ መፈለግ፣ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ መልበስና ዙሪያው ሰፊ የሆነ ባርኔጣ ማድረግ ይመከራል። ለሳምንታት ያልዳነ የቆዳ ቁስል ወይም መልኩን የቀየረ ጥቁር ነጥብ ከታየ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።