የቡና የእሳት ራት
የቡና የእሳት ራት (ሴፎኖደስ ሃይላስ) ከህንድ እስከ ጃፓን ባለው የእስያ ክፍል የሚገኝ፣ ቀን ቀን የሚበር የእሳት ራት ነው። ስሙን በ1771 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ካርል ሊኒየስ ነው። በአፍሪካ የሚገኘውን አንዳንዶቹ ንዑስ ዝርያ፣ ሌሎች ራሱን የቻለ ዝርያ ይሉታል። በኢትዮጵያ ከቡና ቅጠል በሊታዎች ጋር ይመደባል።

እጅግ የሚያስደንቀው ክንፉ ነው። ከሙሽሬው (ከአባጨጓሬነት ቀጥሎ ካለው የእድገት ደረጃ) ሲወጣ ክንፎቹ በግራጫ ብናኝ ተሸፍነዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር ብናኙ ይረግፋል፤ ክንፎቹም እንደ መስታወት ጥርት ብለው ደም ስሮቻቸው ብቻ ይታያሉ። አበባ ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ቆሞ ረጅም ምላሱን ዘርግቶ የአበባ ማር ይቀስማል። ብዙ ሰው ትልቅ ንብ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ሴቷ እንቁላሏን በቡናና በጋርዴኒያ ቅጠል ላይ ትጥላለች። አባጨጓሬው አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ሲሆን ጭራው ላይ ቀንድ አለው፤ ቀንዱ ግን አይናደፍም። ከጠገበ በኋላ ወደ መሬት ወርዶ ሙሽሬ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ጅማ፣ አጋሮና ሊሙ ቡና የሚለማባቸው አካባቢዎች ናቸው። የእነዚህን አካባቢዎች ገበሬ ክፉኛ የጎዳው ግን በ1971 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ እንጂ ይህ የእሳት ራት አይደለም። ጥቂት አባጨጓሬ ታየ ተብሎ መርዝ መርጨት ንቦችን ይጎዳል፤ በእጅ መልቀም ይበቃል።