ሥራ ብቻውን አያስተምርም፤ የወጣቶች የክረምት ሥራ ትናንትና ዛሬ

ክረምት ለኢትዮጵያ ተማሪ የዕረፍት ጊዜ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የገጠሩ ልጅ ያርሳል፣ ያርማል፤ የከተማው ጫማ ጠርጎ ወይም ሱቅ በደረቴ ይዞ የደብተር መግዣውን ያገኛል። ጥያቄው ይህ ጉልበት ሙያ ከሚያሳይ ሰው አጠገብ ይውላል ወይ ነው።

ድሮ ሸማኔው መወርወሪያውን ለልጁ የሚያስይዘው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ስሕተቱን እያረመ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተከፈተው ተግባረዕድ ሙያን ወደ ትምህርት ቤት አስገባ። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር መላክ ጀመረ። አብዛኞቹ መምህራን ሆኑ፤ ኃላፊነትንም ገና ሳይመረቁ ቀመሱ።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወረዱ። ዘማቾቹ ገበሬ ማኅበር አደራጁ፣ ፊደል አስቆጠሩ። ነገር ግን ዘመቻው ግዴታ ነበር፤ በአካባቢ ግጭት ሕይወታቸውን ያጡ፣ ጥለው የሄዱም ነበሩ። ወጣት ትልቅ አደራ መሸከም እንደሚችል ያየነውን ያህል፣ ጠባቂና መሪ ሲያጣ የሚከፍለውንም ዋጋ አይተናል።

ዛሬ ከባለሙያ አጠገብ የመዋል ዕድሉ ቅርብ ነው። በ1950ዎቹ የተመሠረተው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ካለባት ሰበታ አንሥቶ እስከ ቡራዩና ሱሉልታ ድረስ ፋብሪካ ከመንደር ጋር ተጎራብቷል። ሆኖም ብዙ ልጅ በየቀኑ በአጥሩ ሥር ያልፋል እንጂ ውስጡን አያውቅም። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናም 70 በመቶው ተግባር እንዲሆን ቢታሰብም፣ ለተግባር ልምምድ (አፓረንት) የወጣ ተማሪ የሚያሳየው ካላገኘ ሲጠርግና ሲላላክ ይከርማል። ጥሩ ባለሙያ ያገኘ ግን ሰዓት ማክበርን፣ ያላወቀውን መጠየቅን፣ ለሠራው ኃላፊነት መውሰድን ይማራል፤ የማይሆነውን ሙያም በጊዜ ይለያል።

ለወጣት ሠራተኛ ሕጉ ድንበር አስቀምጧል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በሌሊትም አይሠራም።

ስለዚህ የፋብሪካ ባለቤቶች ሆይ፣ ይህን ድንበር ጠብቃችሁ በዚህ ክረምት ጥቂት ወጣቶች ተቀበሉ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ነባር ሠራተኛ መድቡ፤ የምሳና የትራንስፖርት ወጪያቸውን ሸፍኑ፤ ሲጨርሱም የተማሩትን የሚገልጽ ማስረጃ ስጧቸው። ነገ የምትፈልጉት ባለሙያ ዛሬ ከበራችሁ ውጭ ያለው ልጅ ነው።