ቤተ ሙከራ ሲዛወር ወደ ኋላ የሚቀረው ጨረር

በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ ይሠራ የነበረ አንድ የግል የጨረር ሕክምና ተቋም፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1985 መገባደጃ ከነበረበት ሕንፃ ለቅቆ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። በኮባልት-60 የሚሠራውን የሕክምና መሣሪያ ይዞ ሄደ። በሲዚየም-137 የሚሠራውን ግን እዚያው ትቶት ወጣ፤ ፈቃድ ለሰጠው የአገሪቱ የኑክሌር ኃይል ኮሚሽንም አላሳወቀም። ከጊዜ በኋላ ሕንፃው በከፊል ፈረሰ፤ መሣሪያውም ጠባቂ በሌለው ፍርስራሽ ውስጥ ቀረ።

በመስከረም 1987 ሁለት ሰዎች ብረቱ ዋጋ ያወጣል ብለው የመሣሪያውን ዋና ክፍል ፈትተው ወሰዱ፤ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴም ሸጡት። በካፕሱሉ ውስጥ የነበረው 100 ግራም የማይሞላ ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጥ ነበር። ነጋዴው በብርሃኑ ተደንቆ ለዘመድ ወዳጅ አከፋፈለው፤ ቆዳቸውን የተቀቡበትም ነበሩ። ቤተሰቡ መታመም ሲጀምር ሕመሙን ከዚያ ዕቃ ጋር ያያያዘችው የነጋዴው ባለቤት ነበረች። የቀረውን በከረጢት አስይዛ በአውቶቡስ ወደ ጤና ባለሥልጣናት ወሰደችው።

ከ112 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በከተማዋ ስታዲየም ተመረመሩ፤ 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ። ያቺን ሴትና የ6 ዓመት ሕፃን ልጅን ጨምሮ አራት ሰዎች በሳምንታት ውስጥ ሞቱ። ቤቶች ፈረሱ፤ የግቢዎች አፈር ተዝቆ ተነሣ፤ 3,500 ሜትር ኩብ ገደማ የተበከለ ቆሻሻም ተሰበሰበ።

ስለ ጎያኒያ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሱት ብረቱን የፈቱት ሰዎች ናቸው። ጥፋቱ የተጀመረው ግን ከእነርሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ ዕቃው ተጭኖ በሩ በተዘጋበት ዕለት ነበር። ጨረር አመንጪ ቁሶችን የሚጠቀም ክሊኒክ ወይም ቤተ ሙከራ ቦታ ሲቀይር ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ስለሚጫነው ዕቃ ነው። ሳይጫን የቀረው የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አለመኖሩ ግን የበለጠ ያሰጋል።

ጉዳዩ ለምሥራቅ አፍሪካም ሩቅ አይደለም። ጨረር አመንጪ ቁሶች በካንሰር ሕክምና ማዕከላት፣ በዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ክፍሎች፣ በግብርና ምርምር ጣቢያዎችና በመንገድ ግንባታ የጥራት መለኪያዎች ውስጥ አሉ። በአዲስ አበባ ቃሊቲ ወንዱን የቆላ ዝንብ በጨረር አምክኖ የገንዲ በሽታን ለመከላከል የተቋቋመ ማዕከል አለ። ከተሞች ሲሰፉ፣ ሆስፒታሎች ወደ አዲስ ሕንፃ ሲገቡ፣ ተቋማት ሲዋሃዱ እነዚህ ቁሶችም አብረው መንቀሳቀሳቸው አይቀርም።

ፈቃዱ ከቦታው ጋር የተሳሰረ ነው

የጨረር ቁስ ፈቃድ እንደ መንጃ ፈቃድ ባለቤቱ በሄደበት የሚከተል ወረቀት አይደለም። የቁሱን ዓይነትና መጠን፣ ኃላፊነት የተሰጠውን ሰው፣ ቁሱ የሚቀመጥበትንም ስፍራ ይጠቅሳል። ስለዚህ አዲሱ ቤት ቁሱ ከመድረሱ በፊት ተፈትሾ ሊፈቀድለት፣ አሮጌውም ነጻ መሆኑ ተረጋግጦ ከፈቃዱ ሊሰረዝ ይገባል። በኢትዮጵያ የቴክኖሎጂ ባለሥልጣን፣ በኬንያ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን፣ በኡጋንዳ የአቶሚክ ኃይል ምክር ቤት፣ በታንዛኒያ ደግሞ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ይህን የመቆጣጠር ሥልጣን አላቸው። በእነዚህ ተቋማት በኩል የሚያልፈው ሂደት ጊዜ ይወስዳል። የቤት ኪራይ ውሉ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው የተጀመረ ዝውውር ከወዲሁ ችግር ውስጥ ገብቷል ማለት ይቻላል።

ማንም የማያስታውሰው ዕቃ

የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ ነው፤ ቀላል የሚመስለውም እርሱ ነው። መዝገቡ ላይ የሰፈረውን ከመደርደሪያው ጋር ማስተያየት ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። ጨረር አመንጪ መሆናቸው የተረሳ መሣሪያዎች በየቤተ ሙከራው አሉ። የፀረ ተባይ ቅሪትን ለመለየት የሚያገለግለው ጋዝ ክሮማቶግራፍ አንዳንዱ ዓይነት፣ በመለያ ክፍሉ ውስጥ ኒኬል-63 የተለጠፈበት ነው። ብዙዎቹ የፈሳሽ ሲንቲሌሽን ቆጣሪዎች ራሳቸውን የሚያስተካክሉበት ትንሽ የጨረር ምንጭ በሆዳቸው ይዘዋል። የአፈር እርጥበትን የሚለካው የኒውትሮን መሣሪያ አሜሪሲየም አለው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ክፍል ናሙና ማቅለሚያ የሆነው ዩራኒል አሲቴት ከሌሎች ኬሚካሎች ጋር በአንድ ሣጥን ተቀምጦ ይገኛል፤ የዩራኒየም ውህድ መሆኑን ግን ስሙ ራሱ ይናገራል።

እነዚህን ለማግኘት ከመዝገብ ይልቅ ሰው ይጠቅማል። ጡረታ የወጣ ቴክኒሻን፣ የቀድሞ ተመራማሪ፣ የማቀዝቀዣው የታችኛው መደርደሪያ የማን እንደነበረ የሚያስታውስ የጽዳት ሠራተኛ፣ ሁሉም መጠየቅ አለባቸው። የህንድ ዋና ከተማ ዴልሂ በ2010 ያየችው አደጋ ምንጩ እንዲህ ያለ መርሳት ነበር። በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ለዓመታት ሥራ ፈትቶ የቆመ ኮባልት-60 የያዘ መሣሪያ በጨረታ ተሸጠ፤ ማያፑሪ በተባለው የብረት ገበያ ተቆራርጦ አንድ ሠራተኛ ሞተ፣ ሌሎችም ታመሙ።

ቆጠራው ካለቀ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ምን መጓዝ የለበትም የሚለው ነው። ለዘረመል ምርምር ሲያገለግል የኖረው ፎስፈረስ-32 ግማሽ ዕድሜው 14 ቀን ገደማ ነው። በተዘጋ ክፍል አምስት ወር ቢጠበቅ አሥር ግማሽ ዕድሜ ያልፈውና ጨረሩ ከሺህ አንድ ያነሰ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ማጓጓዝ ሳያስፈልግ ተለክቶ፣ ምልክቱ ተፍቆ ሊወገድ ይችላል። አዮዲን-125 ሁለት ወር ገደማ ስለሆነ ተመሳሳዩ ጥበቃ ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል። ግማሽ ዕድሜው 5,700 ዓመት ለሆነው ካርቦን-14 ግን መጠበቅ ትርጉም የለውም። ስለዚህ የዝውውር ዕቅድ ቢያንስ ከግማሽ ዓመት በፊት ሲጀመር፣ የሚጫነው ዕቃ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል።

ቆጣሪው ዝም ሲል

አሮጌው ክፍል ንጹሕ መሆኑን ማረጋገጥ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ደረጃ ነው። በጋይገር ቆጣሪ ጠረጴዛውን ዞሮ ማየትና ድምፅ ካላሰማ ነጻ ነው ማለት የተለመደ ነው። ትሪቲየም የሚለቀው ጨረር ግን እጅግ ደካማ በመሆኑ የቆጣሪውን ሽፋን አልፎ አይገባም፤ ወለሉ ሁሉ ትሪቲየም ቢፈስበት እንኳ ቆጣሪው ዝም ይላል። ስለዚህ ገጽታው በትንሽ ወረቀት ተጠርጎ፣ ወረቀቱ በፈሳሽ ሲንቲሌሽን ቆጣሪ ይለካል። ናሙናው ከጠረጴዛ ብቻ አይወሰድም፤ ከመታጠቢያው ማስወረጃ፣ ከሴንትሪፊዩጁ ውስጠኛ ግድግዳ፣ ከማቀዝቀዣው በረዶ፣ ከበር እጀታና ከስልክ ጭምር መወሰድ ይኖርበታል። እያንዳንዱ የተጠረገ ነጥብ በክፍሉ ንድፍ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል።

መሣሪያዎቹም ከመታሸጋቸው በፊት በዚሁ መንገድ ተፈትሸው ወረቀት ይለጠፍባቸዋል። ተሸካሚዎቹ የሚያነሡትን የማወቅ መብት አላቸው። ስለ ጨረር ያልሠለጠነ የጭነት ሠራተኛ መንካት ያለበት ነጻ የተባለውን ብቻ ነው፤ ሌላው ለተፈቀደለት አጓጓዥ ይተዋል።

መንገድ ላይ

ጨረር አመንጪ ቁስ በግል መኪና ሻንጣ ወይም በታክሲ አይጓጓዝም፤ ርቀቱ ከግቢ ግቢ ቢሆንም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ባወጣው ደንብ መሠረት መጠነኛ ይዘት ያለው ዓይነት ኤ የተባለ ማሸጊያ ከ1.2 ሜትር ከፍታ ወድቆ ሳይፈስ መቆየቱ የተፈተነ መሆን አለበት። ለሕክምና ምንጮች የሚያገለግለው ዓይነት ቢ ደግሞ የ9 ሜትር ውድቀትንና በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ የሚነድ እሳትን መቋቋም ይኖርበታል።

ጠንካራ ማሸጊያ ብቻውን ግን አይበቃም። በታኅሣሥ 2013 ሜክሲኮ ውስጥ አሮጌ የሆስፒታል ኮባልት-60 ወደ ማከማቻ ይወስድ የነበረ የጭነት መኪና፣ ሾፌሩ ነዳጅ ማደያ ቆሞ ሲያርፍ በዘራፊዎች ተወሰደ፤ ምንጩ ከእርሳስ ከለላው ወጥቶ ሜዳ ላይ ተጥሎ ተገኘ። በጥር 2023 ደግሞ በምዕራብ አውስትራሊያ ቁመቱ 8 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ የሲዚየም-137 ካፕሱል ከማዕድን ማውጫ ወደ ፐርዝ ሲጓዝ ከጭነቱ ወድቆ ጠፋ። የመለኪያው ብሎን በመንገዱ ንዝረት ሳይላላ አልቀረም ተብሏል። መኪናው ፐርዝ ደርሶ ሣጥኑ እስኪከፈት ድረስ ቀናት ስላለፉ ፍለጋው 1,400 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ ላይ ተደረገ፤ ካፕሱሉም የካቲት 1 ቀን ከመንገድ ዳር ተገኘ። ሣጥኑ በደረሰበት ዕለት ተከፍቶ ቢቆጠር ኖሮ ካፕሱሉ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ዳር ያን ያህል ቀን ሳይታወቅ ባልቆየ ነበር።

ምልክቱ የሚነሣው መቼ ነው?

በሩ ላይ ያለው ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት የሚነሣው የመጨረሻው ልኬት አልቆ ተቆጣጣሪው ከተቀበለው በኋላ ነው። ቀድሞ ከተነሣ ቀጣዩ ገቢ ሳያውቅ ይገባል። ንጹሕ ክፍል ላይ ተረስቶ ከቀረ ደግሞ ሰው ምልክቱን መናቅ ይለምዳል፤ ይህም ከመጀመሪያው የማይተናነስ ጉዳት ነው። ባዶ የእርሳስ መያዣዎችም እንዲሁ ናቸው። ምልክታቸው ሳይፋቅ ከግቢ ከወጡ ቆራሌው ሰብስቧቸው ምናለሽ ተራን በመሰለ ገበያ ሊገኙ ይችላሉ። አንዳንድ የቆዩ የሕክምና መሣሪያዎች መከለያ ደግሞ ከእርሳስ ሳይሆን ከተሟጠጠ ዩራኒየም የተሠራ ነው፤ ምንጩ ቢወጣለትም መያዣው ራሱ ባዶ አይባልም።

ለአካባቢው አገሮች ከሁሉም የሚከብደው ያረጀውን ምንጭ የት ማድረስ እንደሚቻል ነው። የኡጋንዳው ሙላጎ ሆስፒታል የኮባልት መሣሪያ በ2016 ከጥገና ውጪ ሆኖ ቆሞ፣ አገሪቱ ምትክ ያገኘችው በ2018 ነው። መሣሪያው ሲቆም ግን ምንጩ አይቆምም፤ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ምንጭ አቅራቢው እንዲመልስ በውሉ ላይ ማስገባት ካሉት መንገዶች ርካሹ ነው። ያ ግን ፊርማው ከመፈረሙ በፊት መደረግ አለበት፤ አቅራቢው ከተዘጋ ወይም ከተሸጠ በኋላ ሸክሙ በሆስፒታሉና በመንግሥት ላይ ይወድቃል።

የጎያኒያ ቆሻሻ ዛሬም ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው አባዲያ ደ ጎያስ ተቀብሮ ይጠበቃል። የሲዚየም-137 ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ነው። በ1987 ከተሰበሰበው ውስጥ ግማሹ የተቀነሰው በ2017 ነበር፤ ከቀሪው ግማሹ የሚቀንሰው ደግሞ በ2047 ይሆናል።