ሞዴል አውሮፕላን፦ ቦይንግ 787-8 በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀለም
ፕላስቲክ፣ ቀለም፣ ተለጣፊ ምልክት፣ ቁራጭ ብረት። ልኬት 1፡144፤ ርዝመት 39 ሳ.ሜ. ገደማ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በትርፍ ጊዜ ሠሪ እጅ የተገጣጠመ።

እውነተኛው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ነው፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ድሪምላይነር (የ787 መጠሪያ) ነበር። የሞዴሉ ክፍሎች ከፕላስቲክ ፍሬማቸው በምላጭ ተቆርጠው ተጣብቀዋል። የግራና የቀኝ ጎን የተጋጠሙበትን መስመር ይፈልጉት፤ በስቱኮ ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ስለተፈገፈገ አይታይም። የሠሪ ችሎታ የሚለካው እዚህ ላይ ነው። አፍንጫው ውስጥ ብረት ተደብቋል፤ ያለዚያ ሞዴሉ በጅራቱ ይቀመጣል። መስኮቶቹና የጅራቱ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለማት ውሃ ውስጥ ተነክረው የተለጠፉ ተለጣፊ ምልክቶች ናቸው። ከሞዴሉ ሳጥን ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ የአንድ ሁለት አየር መንገዶች ምልክት ብቻ በመሆኑ፣ ሠሪዎች የሌሎቹን ለብቻ ይገዛሉ ወይም እርስ በርስ ይለዋወጣሉ።